ተስፋም መዝገብ ይፈልጋል

ስለ ገንዘብና ስለ ገበያ በተነሣ ቁጥር ከተማሩት ሰዎች ዘንድ አንድ የቆየ ንቀት ይሰማል። ይኸውም፣ ጥቂት ብር ይዞ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ወይ ቁማርተኛ ነው፣ ወይ ሞኝ ነው የሚል ነው። ባለብዙ ገንዘቡ ሲገዛ አስቦና አጥንቶ ገዛ ይባላል፤ ትንሹ ሰው ያንኑ አክሲዮን ሲገዛ ግን ዕድሉን ሞከረ ይባላል። ሁለቱ ሲከስሩም ፍርዱ እንዲሁ ይለያያል። የትልቁ ኪሳራ የገበያ ጠባይ ነው፤ የትንሹ ኪሳራ የራሱ ቅጣት ነው።

እኛ ይህን ንቀት አንቀበልም። ጋን በጠጠር ይደገፋል ሲሉ አባቶቻችን ያስተማሩን ለዘበት አይደለም። ዳሩ ግን ንቀቱን አንቀበልም ማለት ትንሹ ሰው ላደረገው ነገር ሁሉ እናጨበጭባለን ማለት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ትናንሽ ባለአክሲዮኖች እርስ በርሳቸው የሚሰጣጡት ወዳጅነትና ተስፋ እውነተኛ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ይህ ሀብት የሚቆየው መዝገቡ ለሁሉ ክፍት እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። መዝገቡ በተዘጋ ዕለት ወዳጅነቱ ወጥመድ ይሆናል።

ለዚህ ምስክር እንዲሆኑን ከአሜሪካ ሦስት ታሪኮች እንጠራለን፤ ከዚያም ወደ ራሳችን ቤት እንመለሳለን። የውጭውን ታሪክ ዘመን በአውሮፓውያን፣ የአገራችንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንጽፋለን።

የመጀመሪያው ታሪክ የጌምስቶፕ ነው። ጌምስቶፕ ዋና መሥሪያ ቤቱ በቴክሳስ የሚገኝ፣ የቪዲዮ ጨዋታዎችን በየገበያ አዳራሹ ሲሸጥ የኖረ ኩባንያ ነው። ሰዎች ጨዋታዎቹን ከቤታቸው ሳይወጡ በኢንተርኔት መግዛት ሲጀምሩ ሱቆቹ ጭር እያሉ ሄዱ። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ትላልቅ የገንዘብ ድርጅቶች «ይህ ኩባንያ መውደቁ አይቀርም» ብለው ቆረጡ። ቆርጠውም አልቀሩ፤ በመውደቁ የሚያተርፉበትን ንግድ ገቡበት።

ይህ ንግድ እንዴት ያለ ነው? በአገራችን ምሳሌ እንየው። አንድ ነጋዴ ከጎረቤቱ አንድ ኩንታል ጤፍ ይበደርና ዛሬ በውድ ዋጋ ይሸጠዋል። አዝመራ ሲገባ ዋጋው ይረክሳል ብሎ ያስባልና፣ ያን ጊዜ በርካሽ ገዝቶ ለጎረቤቱ ይመልሳል፤ ልዩነቱ ትርፉ ነው። ዋጋው በመርከስ ፈንታ ቢወደድስ? የተበደረው ጤፍ እንጂ ገንዘብ አይደለምና፣ የቱንም ያህል ቢወደድ ገዝቶ መመለስ ግዴታው ነው። ስለዚህ ትርፉ ወሰን ሲኖረው ኪሳራው ወሰን የለውም። በጌምስቶፕ ላይ እንዲህ ተበድሮ የተሸጠው አክሲዮን ከልክ ያለፈ ነበር። የገበያው ተቆጣጣሪ የሆነው የአሜሪካ መንግሥት ኮሚሽን ሠራተኞች በኦክቶበር 2021 ባወጡት ሪፖርት እንደተጻፈው፣ በጃንዋሪ 2021 ተበድሮ የተሸጠው አክሲዮን በሕዝብ እጅ ለገበያ ከሚገኘው አክሲዮን ከ120 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። አንዱ አክሲዮን ከአንድ ጊዜ በላይ ተበድሮ ተሸጧል ማለት ነው።

ኩባንያው ሰዎች እንደሚሉት አልሞተም ብለው ካመኑት አንዱ ኪት ጊል የተባለ የማሳቹሴትስ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በ53 ሺህ ዶላር ገደማ ገዛ። ልብ እንዲባልልን የምንፈልገው ግን መግዛቱን አይደለም። ይህ ሰው የሒሳቡን ሰሌዳ በየወሩ እንዳለ አውጥቶ ለሁሉ ያሳይ ነበር፤ ሲከስር ኪሳራውን፣ ሲያተርፍ ትርፉን። ብዙዎች ሳቁበት፤ ሽጥና ተገላገል አሉት። እርሱ ግን ምክንያቱን በቁጥር ደግሞ ደጋግሞ አስረዳ እንጂ የጠየቀውን አልሰደበም። ቀስ በቀስ አንድ ሁለት እያሉ ተከተሉት። እንግዲህ የዚያ ሁሉ ሕዝብ ወዳጅነት የተጀመረው በጩኸት ሳይሆን በተከፈተ መዝገብ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም አየው። በ2021 ጃንዋሪ ሲብት 20 ዶላር እንኳ የማይሞላው አክሲዮን በ27ኛው ቀን ገበያው ሲዘጋ ከ347 ዶላር በላይ ደረሰ። በማግሥቱ ጧት ለጥቂት ጊዜ 483 ዶላር ነካ። ተበድረው ከሸጡት ታላላቆች አንዱ የነበረው ሜልቪን ካፒታል በዚያ አንድ ወር ከገንዘቡ ግማሽ በላይ አጣ፤ ሌሎች ሁለት ድርጅቶች 2.75 ቢሊዮን ዶላር አቅርበው ደገፉት። ያም ሆኖ በ2022 ሥራውን ለመዝጋት ተገደደ። በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባል የለ!

ይህን ያደረጉት ሰዎች አብዛኞቹ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። አንዱ የመጋዘን ሠራተኛ፣ ሌላው ተማሪ፣ ሌላዋ በበሽታው ዘመን ከሥራ የተቀነሰች አስተናጋጅ ልትሆን ትችላለች። የሚያገናኛቸው አንድ አክሲዮንና አንድ ቀልድ ነበር። ራሳቸውን ዝንጀሮዎች ብለው ጠሩ፤ ተባብረን ብርቱ ነን ማለታቸው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን የእኛን ምሳሌ ሳያውቁት በራሳቸው መንገድ ደረሱበት። ይህ ቀልድ በቀልድነቱ ብቻ አልቀረም። በማርች 2021፣ በአንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በዳያን ፎሲ ስም የተቋቋመውና በሩዋንዳ ተራሮች ጎሬላዎችን የሚጠብቀው ድርጅት ከእነዚህ ሰዎች ከ350 ሺህ ዶላር በላይ ዕርዳታ ደረሰው። ማንም አላዘዛቸውም። አንዱ ሰጠ፣ ሌላው አይቶ ሰጠ። እንዲህ ያለውን ነገር ቁማርተኝነት ብሎ ማለፍ የሰውን ልጅ አለማወቅ ይመስለናል። ዘመኑ ሰው ከሰው የተለየበት የወረርሽኝ ዘመን ነበር፤ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ሰው «አይዞህ፣ እኛም አለን» የሚለውን ሲሰማ የሚሰማው ደስታ በገንዘብ ብቻ አይለካም።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አያልቅም። ጃንዋሪ 28 ቀን ብዙዎቹ ትናንሽ ሰዎች የሚገበያዩበት ሮቢንሁድ የተባለው ድርጅትና ሌሎችም አክሲዮኑን መግዛት ከለከሉ፤ መሸጥ ብቻ ተፈቀደ። ምክንያቱ ምን ነበር ቢሉ፣ በዚያ አገር አንድ አክሲዮን ተገዝቶ ገንዘቡና ሰነዱ እስኪለዋወጥ ሁለት የሥራ ቀን ይፈጅ ነበር። በዚያ መካከል አንዱ ወገን ቢወድቅ ለሌላው ዋስ የሚሆነው ማዕከላዊ የሒሳብ አጣሪ ድርጅት ነው። ዋጋው እንዲያ ሲዋዥቅ አጣሪው ከሮቢንሁድ ሦስት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተጨማሪ መያዣ ጠየቀ፤ ኋላ ግን ቀነሰለት። ድርጅቱ ያን ያህል ገንዘብ በእጁ አልነበረውም። ትናንሾቹ ግን የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሩ በእነርሱ ላይ ተዘግቷል፣ ለትላልቆቹ ግን ክፍት ነው። ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። አክሲዮኑ በፌብሩዋሪ 4 ቀን ወደ 53 ዶላር ወረደ። ከላይ የገዛው ሰው ማን ነበር? ዘግይቶ የሰማው፣ በወዳጆቹ ደስታ ተነሣሥቶ የመጨረሻውን ብሩን ያመጣው ነበር።

የመንግሥት ሪፖርቱ አንድ ሌላ ነገርም አስረዳ። ዋጋውን ለሳምንታት ያቆየው በዋናነት የተበዳሪዎቹ መልሶ መግዛት ሳይሆን በሰዉ ዘንድ የነበረው ተስፋና ፍላጎት ነበር። ከትላልቆቹ ድርጅቶችም አብረው ገዝተው ያተረፉ ነበሩ። ስለዚህ ነገሩ ትናንሾች በአንድ ወገን፣ ትላልቆች በሌላ ወገን ተሰልፈው የተዋጉበት የድል ታሪክ ብቻ አልነበረም። ተስፋው ግን ባዶ አልነበረም። ጌምስቶፕ በዚያው ዓመት፣ ዋጋው ገና ከፍ ብሎ ሳለ፣ በሁለት ጊዜ አዳዲስ አክሲዮኖች ሸጦ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። በዚያ ገንዘብ በእግሩ ለመቆም ቻለ። የትንሹ ሰው እምነት የአንድን ኩባንያ ዕድሜ ሲያረዝም በዓይን ታየ ማለት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ይወለዳል። ከጌምስቶፕ በኋላ ብዙ ሰው የወሰደው ትምህርት «መዝገብ ክፈት» የሚለውን ሳይሆን «ፈጽሞ አትሽጥ» የሚለውን ነበር። የማይሸጠው ሰው የአልማዝ እጅ ያለው ጀግና፣ የሸጠው የወረቀት እጅ ያለው ፈሪ ተባለ። የጠየቀ ሰው የጠላት ተላላኪ ተደርጎ ተቆጠረ። እንዲህ ያለው ልማድ ከሥር ከሥር ሲያድግ፣ ዓይናቸው ወደ ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድ ዞረ። ይህ ኩባንያ አንሶላ፣ ፎጣና የማዕድ ቤት ዕቃ የሚሸጥ ትልቅ የሱቅ ድርጅት ነበር። በ2022 የጌምስቶፕ ሊቀ መንበር የሆነው ራያን ኮኸን ከአክሲዮኑ አሥር በመቶ ያህል ገዛ ሲባል ተስፋው ነደደ። በኦገስት ወር ግን ድርሻውን ጠቅልሎ ሸጦ ወጣ።

እዚህ ላይ የሁለቱን ኩባንያዎች መዝገብ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ጌምስቶፕ ዕዳው ቀላል ነበር። ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድ ግን ለፍርድ ቤት ባቀረበው ሰነድ ሀብቱ 4.4 ቢሊዮን ዶላር፣ ዕዳው 5.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በሕጉ መሠረት ኩባንያ ሲፈርስ አስቀድሞ የሚከፈለው አበዳሪ ነው፤ ባለአክሲዮን የሚደርሰው ከአበዳሪዎች የተረፈ ሲኖር ብቻ ነው። ዕዳ ከሀብት ሲበልጥ ምን እንደሚተርፍ ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ኩባንያው በ2023 መጀመሪያ ወራት ነፍሱን ለማቆየት አዳዲስ አክሲዮኖች እያተመ በገበያ ላይ አፈሰሰ፤ ቁጥራቸውም ከሰባት መቶ ሚሊዮን በላይ ደረሰ። የሚገዛለት ማን ነበር? ያው የማይሸጠው፣ የሚያምነው፣ «አይዞህ ያዝ» የሚባባለው ትንሽ ሰው ነበር። በኤፕሪል 2023 ኩባንያው ኪሳራውን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። በሴፕቴምበር 29 ቀን አክሲዮኖቹ ሁሉ ተሰረዙ፤ ለባለአክሲዮኖቹም አንድ ሳንቲም አልተከፈለም።

አሁን ጥያቄያችንን እናቅርብ። በሁለቱ ታሪኮች የተዘፈነው ዘፈን አንድ ነው፤ ቀልዱም፣ «አይዞህ»ውም፣ ጠላት የተባለውም አንድ ነው። ታዲያ አንዱን ለሕይወት ሌላውን ለሞት ያደረገው ምንድነው? መልሱ ዘፈኑ ውስጥ የለም። መልሱ ያለው ማንም ሊያነበው በሚችለው የኩባንያው የሒሳብ መግለጫ ውስጥ ነበር። አንዳንዶች አንብበውታል። ለማኅበርተኞቻቸው ሊነግሩም ሞክረዋል። ነገር ግን «ዕዳው ከሀብቱ ይበልጣል» ያለ ሰው እንደ ከሐዲ በሚታይበት ማኅበር ውስጥ እውነት የሚናገረው የመጀመሪያው ሰው የሚያተርፈው ስድብ ነው፤ ሁለተኛው ይህን አይቶ ዝም ይላል። በዚህ ዓይነት ሰው ሁሉ በልቡ እየተጠራጠረ በአፉ እየዘመረ ወደ ገደሉ ተያይዞ ይሄዳል። ይህ ወዳጅነት አይደለም። የሚወድህ ያስለቅስሃል፣ የሚጠላህ ያስቅሃል የሚለው ምሳሌ የተነገረው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ሦስተኛው ታሪክ ከእነዚህ ቀደም ያለ ነው፤ ለእኛም ዋናው እርሱ ነው። በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ቢርድስታውን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ በ1983 ጥቂት ሴቶች፣ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ፣ አንድ የአክሲዮን ማኅበር አቋቋሙ። መጀመሪያ መቶ መቶ ዶላር፣ ከዚያ በየወሩ ሃያ አምስት ሃያ አምስት ዶላር እያዋጡ፣ እየተሰበሰቡ፣ ስለ ኩባንያዎች እያጠኑና በድምፅ እየወሰኑ አክሲዮን ገዙ። በ1994 ልምዳቸውን መጽሐፍ አድርገው አወጡ፤ መጽሐፉም በብዙ መቶ ሺህ ቅጂ ተሸጠ፤ ምክንያቱም ማኅበሩ በአሥር ዓመት ውስጥ በአማካይ በዓመት 23.4 በመቶ አትርፏል ይል ነበር። ይህ ከታላላቆቹ የገንዘብ ሊቃውንት የሚበልጥ ትርፍ ነው። የምግብ አሠራር እየተቀባበሉ የሚገናኙ አሮጊቶች የኒውዮርክን ባለሙያዎች በለጡ ተብሎ አገሩ ሁሉ ተደሰተ።

በ1998 አንድ የቺካጎ መጽሔት ቁጥሩን ተጠራጠረ። የየወሩ መዋጮ ከትርፉ ጋር ተደባልቆ መቆጠሩ ታወቀ። ሴቶቹ አልተሳደቡም፤ ጠያቂውንም የጠላት ተላላኪ አላሉትም። መዝገባቸውን ለውጭ የሒሳብ መርማሪ ድርጅት ሰጡ። ምርመራው ሲያልቅ እውነተኛው ትርፍ በዓመት 9.1 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዘመን የአምስት መቶ ታላላቅ ኩባንያዎችን ዋጋ የሚለካው የአሜሪካ መለኪያ 14.9 በመቶ አድጎ ነበር። ባለሙያዎቹን መብለጡ ቀርቶ ከገበያው መካከለኛ በታች ነበሩ ማለት ነው። ሴቶቹ ይቅርታ ጠየቁ። ማኅበሩ ግን አልፈረሰም፤ መሰብሰባቸውን ቀጠሉ።

ይህ ታሪክ በየጊዜው ለመሳለቂያ ሲነገር እንሰማለን። እኛ ግን ከሦስቱ ሁሉ የሚያኮራው እርሱ ሆኖ አግኝተነዋል። የራሳቸውን መዋጮ እንደ ትርፍ መቁጠር ተስፋ ያለው ሰው ሁሉ የሚገባበት ስሕተት ነው፤ ሰው ያመጣውን ገንዘብ አይቶ «አደግን» ይላል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባለው ነው። እነዚያ ሴቶች መዝገብ ነበራቸው፤ መዝገብ ስለነበራቸውም ሊታረሙ ቻሉ። ከታረሙም በኋላ በዓመት 9.1 በመቶ በእጃቸው ነበር፤ ይህም ኪሳራ አይደለም። ክፉ ወሬ ሰምቶ የማይበተን ማኅበር፣ እርሱ ነው ማኅበር።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አይጠፋም። አንዳንዱ ወንድማችን አክሲዮን የከበርቴ ጨዋታ ነው፣ ተማሪን አይመለከተውም ይለናል። እኛ ግን ይመለከተዋል እንላለን። አክሲዮን መገበያየት ለአገራችን ፍጹም እንግዳ አይደለም፤ በንጉሡ ዘመን በአዲስ አበባ በብሔራዊ ባንክ አስተባባሪነት አክሲዮን ይሸጥና ይገዛ ነበር፤ በአብዮቱ ጊዜ ቀረ። ከብዙ ዘመን በኋላ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጣ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፈተ። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ዝቅተኛውን ግዢ በ33 አክሲዮን ወስኖ ለሕዝብ አቀረበ። መቶ ሚሊዮን አክሲዮን ቀርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር፤ የገዙት ሰዎች ግን ከ47 ሺህ በላይ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በስልካቸው የገዙ ተራ ሰዎች ናቸው። ነገ ደመወዝ ስንቀበል ከእነርሱ አንዱ የማይሆን ከመካከላችን ስንቱ ነው? አባትና እናታችንስ «አንተ ተምረሃል፣ እስቲ ንገረን፣ እንግዛ ወይስ እንተው?» ብለው ሲጠይቁን ምን ልንላቸው ነው?

በዚህ ላይ ለእኛ የተሰጠን ርስት አለ፤ ዕቁብ ነው። ዕቁብ ውስጥ ፍቅር አለ፣ ጨዋታ አለ፣ ቡናና ቀልድ አለ። ነገር ግን ጸሐፊው መዝገቡን ሲገልጥ ሁሉ ጸጥ ይላል። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ማን ዕጣ ደረሰው፣ ዋሱ ማነው የሚለው በሁሉ ፊት ይነበባል። ዳኛውን የሚጠይቅ ሰው ዕቁቡን ጠላ አይባልም። እናቶቻችን ፍቅርንና ሒሳብን በአንድ ምንጣፍ ላይ ማስቀመጥ እንዴት እንደሚቻል ያውቁበታል። ታዲያ ልጆቻቸው በስልክ ላይ የምንሰባሰብ ጊዜ ይህን ጥበብ የት ጥለነው ነው፣ «ተጠራጠርሁ» ያለውን ወንድማችንን የምንሰድበው? «ወዳጅ አምጣ፣ ገንዘብህ እጥፍ ይሆናል» የሚሉ ሰዎች በየመንደሩ በሚዞሩበት ዘመን፣ መዝገብ ጠይቆ የማያውቅ ወጣት ለእነርሱ የተዘጋጀ ማሳ ነው።

ስለዚህ በበኩላችን የምናሳስበው ጥቂት ነገር ነው።

በመጀመሪያ፣ ይህን አክሲዮን ግዙ የሚል ሰው ራሱ ይዞት እንደሆነ፣ መቼና በስንት እንደገዛው አስቀድሞ ይናገር። ይህን ያልተናገረ ምክር እንደ ምክር አይቈጠር። ጊል ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ክብሩም ከዚህ የመጣ ነው።

ሁለተኛ፣ የራሳችን ባልሆነ ገንዘብ ተስፋ አንግዛ። አባት በሬ ሸጦ የላከው የምግብና የቤት ኪራይ ገንዘብ የባለአክሲዮን ገንዘብ አይደለም፤ አደራ ነው። የብድር ገንዘብማ ከዚህ የባሰ ነው። ተስፋው እውነት ቢሆን እንኳ ቀኑን አናውቀውም፤ ብድር ግን ቀኑን ያውቃል።

ሦስተኛ፣ የሸጠውን አንስደብ። አባቶቻችን በችሎት «ተጠየቅ» ሲባባሉ ተከራካሪው በምላሱ ይፋለም ነበር እንጂ፣ በመጠየቁ ብቻ ከማኅበር አይወጣም ነበር። ጓደኞች ተሰብስበው ስለ አንድ ኩባንያ ሲነጋገሩ፣ አንዱ ሆን ተብሎ «አንግዛ» የሚለውን ወገን ይዞ እንዲሟገት ይደረግ። ማንም ሊመልስለት ካልቻለ ትርፉ ለሁሉም ነው።

አራተኛ፣ ማንበብ እንማር። እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች የቅኔን ሰምና ወርቅ ለመለየት ሌሊቱን ስንፈትል እናድራለን፤ የአንድ ባንክ የሀብትና የዕዳ መግለጫ ሲሰጠን ግን እንደ ባዕድ ቋንቋ እናየዋለን። አክሲዮን ለሕዝብ የሚያቀርብ ኩባንያ ደንበኛ ሳቢ መግለጫ የሚባል ሰነድ ያወጣል፤ በውስጡ ኩባንያው ምን እንዳለው፣ ምን እንዳለበት፣ ምን ሊያሰጋው እንደሚችል ይጻፋል። ሰሙ ከፊት ያለው ሥዕልና ተስፋ ነው፤ ወርቁ ያለው ከኋላ ባሉት ቁጥሮች ውስጥ ነው። ማኅበራችን ከሒሳብ አያያዝ ትምህርት ክፍል ወንድሞችና እኅቶች ጋር ተነጋግሮ በወር አንድ ምሽት አዳራሽ ቢያስከፍትልን፣ አንድ አንድ መግለጫ እያነሣን አብረን እናነባለን። ወጪው የጠመኔና የሻይ ነው።

ይህን ስንል ተስፋን ለማቀዝቀዝ አይደለም። ተስፋ የሌለው ወጣት ለአገሩም ለራሱም አይበጅም። አገራችን ፋብሪካና መንገድ፣ ባንክና ማተሚያ ቤት የምትሠራው ከጥቂት ባለጸጎች ኪስ ብቻ ሳይሆን ከብዙ ትናንሽ ኪሶች በሚወጣ ገንዘብ እንዲሆን የምንመኘው እኛው ነን። ትንሹ ሰው ከጌቶች ደጅ ቆሞ ፍርፋሪ ከመጠበቅ ወጥቶ ባለድርሻ ሆኖ በጉባኤ እጁን አንሥቶ ሲጠይቅ ማየት እንፈልጋለን። ነገር ግን ይህ የሚሆነው መጠየቅን ከጓደኞቹ መካከል የለመደ ሰው ሲኖር ነው። ከአሥር ወዳጆቹ ፊት «ይህ ቁጥር አልገባኝም» ለማለት የፈራ ሰው በሺህ ባለአክሲዮን ፊት ሊቀ መንበሩን አይጠይቅም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ከጓደኞቻችሁ አንዱ «ሸጥሁ» ቢላችሁ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙት። ምክንያቱ ደካማ ቢሆን የእናንተ ተስፋ በረታ ማለት ነው። ምክንያቱ ብርቱ ቢሆን ደግሞ ያ ሰው ከብዙ «አይዞህ» ባዮች ይልቅ ጠቅሟችኋል።